የሰዓቱ ባለቤት

ሲመጡ ማጉያው ዓይኔ ላይ ነበር። አንዲት የሴት የእጅ ሰዓት ከፍቼ አጎንብሻለሁ። ብርሃኔን የጋረደ ሰው ስለነበር ቀና ሳልል «አቦ፣ ፈቀቅ በልልኝ» አልኩት። ፈቀቅ አላለም። ቀና ስል ሱቄ ፊት ለፊት ያለው መንገድ በጸጥታ ሰዎች ተሞልቷል።

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ጫፍ ላይ፣ ከቅመም ሻጮቹ ትይዩ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ሌላው ቆሞ የሚሞላት ክፍል ናት። ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። እሱ ዕድሜውን በሙሉ የምድር ባቡሩን ሰዓቶች ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር። ፖለቲካ የምሠራ ሰው አይደለሁም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ግን በሰፈራችን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተናግሬያለሁ። ከሰፈራችን የተወሰዱት ልጆች የት እንዳሉ ቢያንስ ለእናቶቻቸው ይነገራቸው ነው ያልኩት። ከመድረኩ መልስ አልተሰጠኝም። መልሱ ሱቄ ድረስ መጣ።

መሣሪያዎቼን በሙሉ ከነሳጥናቸው ጆንያ ውስጥ ከተቱ። አንዱ ቀጭኗን መርፌ አንስቶ «ይሄ ሁሉ ጥቃቅን ብረት ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ሰዓት።»

«እናያለን» አለ።

እጆቼን ወደኋላ በፕላስቲክ ገመድ አሰሩኝ። መኪናቸው የቆመው ከገበያው ማዶ ስለነበር በቀፊራ መሐል በእግር ወሰዱኝ። ለብዙ ዓመት ደንበኛዬ የነበረ ሰው ከፊቴ መጣ። አየኝ፤ ከዚያ ፊቱን በርበሬ ወደምትሰፍረው ሴት አዞረና ዋጋ ይጠይቅ ጀመር። አልተቀየምኩትም። እኔም ብሆን አዞር ነበር። ብቻ ሰው ሁሉ እጄን ሲያይ እጄን የት ልደብቀው አልኩ። ከኋላዬ የታሰረ እጅ አይደበቅም። በመኪናው የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ስንሻገር አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ ከመኪናው ወለል በቀር ምንም አላየሁም።

ያስገቡኝ ቤት ድሮ መጋዘን የነበረ ነው። ወለሉ ላይ የሲሚንቶ ዱቄት ቀርቶበታል፤ ስትተኛ ጉሮሮህ ውስጥ ይገባል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የድሬን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ቆርቆሮ ብቻ ብዬ ብተወው ይበቃዋል። መስኮት የለም። በበሩ ሥር በሚገባው ብርሃን ነው ጠዋትና ከሰዓት የምንለየው። ሰዎቹ በካናቴራ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ ባልዲ አለ።

ያ ባልዲ ነው መጀመሪያ ያሸነፈኝ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት መቀመጥ አልቻልኩም። ቀኑን ሙሉ ያዝኩት፤ ሆዴ ድንጋይ ሆነ። በመጨረሻ ተነስቼ ሄድኩና ከባልዲው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ያን ጊዜ ከግድግዳው ሥር አንድ ቀጭን ሽማግሌ ተነሳ። ጢሙ ሂና የተቀባ ነው። በትከሻው ላይ የነበረውን ሽርጥ ዘረጋና በሁለት እጁ ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ በእኔና በሰዉ መካከል ቆመ።

«ተቀመጥ ባለሰዓቱ» አለኝ። «ማንም አያይህም።»

ድምፁን ሳውቀው ልቅሶዬ መጣ። ቀፊራ ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ የሶማሌ ሰው ነው፤ እሱም የብዙ ዘመን ደንበኛዬ። ልጆቹም ሠራተኞቹም እኔም «አዴር» ነው የምንለው፤ በሶማሊኛ አጎት እንደማለት ነው። እሱን የያዙት የወንድሙ ልጅ ውጭ አገር ሆኖ በስልክ በሚሰራጭ ቪዲዮ መንግሥትን ስለተናገረ ነው። ልጁን ስላላገኙት አጎቱን ወሰዱ።

በኋላ አጠገቡ ስቀመጥ ግራ ክንዱን አነሳና አሳየኝ። አንጓው ላይ ቆዳው እንደ ቀለበት ዙሪያውን ነጣ ብሏል።

«በር ላይ ፈቱብኝ» አለ። «‹ስትወጣ ትወስዳለህ› አሉኝ። ንጋት ላይ ሱብሂ ስሰግድ እጄ ወደዚህ ይሄዳል። ሞላውን ልሞላ። ባዶ ነው። ወላሂ፣ እንደ ሞኝ ነው የምሆነው።»

ያቺን ሰዓት አውቃታለሁ። ጅቡቲ ሳለ ታላቅ ወንድሙ ከክንዱ ፈትቶ ሰጥቶታል፤ ወንድሙ ሞቷል። ባትሪ የሌላት፣ በየቀኑ በእጅ የምትሞላ ናት። በየጊዜው ለጽዳት ሱቄ የምታመጣት ልጁ ነበረች።

ለእኔ ከውጭ ሳህን የሚያመጣልኝ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ ከሞተች ጀምሮ ብቻዬን ነው የምኖረው። አዴር ይህን ሲሰማ ልጁን በር ላይ «የሁለት ሰው አድርጊው» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለት ሰው ይመጣ ነበር፤ ሩዝ፣ ላሆህ የሚባለው ስስ እንጀራ፣ አንዳንዴም ሁልበት የሚሉት የአብሽ መረቅ። ከአንድ ሳህን እንበላለን።

ከሰነበትኩ በኋላ አንድ ጠዋት ዘቡ በሩን ከፍቶ «ሰዓት ሠሪው!» ብሎ ጠራ። ለምርመራ መስሎኝ ነበር። የወሰደኝ ግን ወደ ምርመራው ክፍል አይደለም። ግቢው ውስጥ፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ከሥሩ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ጠረጴዛው ላይ የእኔ የመሣሪያ ሳጥን ተቀምጧል። ከጠረጴዛው ኋላ የቤቱ ኃላፊ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ተቀመጥ» አለኝ። «ጎበዝ ነህ አሉ።»

ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ፈታው። የእጅ ሰዓት ነው። ማሰሪያው አዲስ ቆዳ ነው፤ ገና ይሸታል።

«የአባቴ ነው» አለ። «ቆመብኝ። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሠርተህ ብታስነሳው እኔም አንተን አልረሳም።»

ስይዘው ልቤ አንድ ነገር አለኝ። ግን ተመሳሳይ ሰዓት ብዙ ነው፤ ልቤን ዝም በል አልኩት። ክዳኑን ከፍቼ ገለበጥኩት። ሰዓት ጠጋኝ የጠገነውን ሰዓት ክዳን በውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ ምልክት ይጭርበታል፤ ባለሰዓቱ የማያየው፣ የሚቀጥለው ጠጋኝ ብቻ የሚያየው። የእኔ ምልክት ከአጎቴ የወረስኳት ናት፤ ሐዲድ የምትመስል፣ ሁለት መስመርና ማቋረጫዎች። ክዳኑ ውስጥ ያቺ ሐዲድ ተደርድራለች፤ በአንዷ ሥር ሌላዋ፣ በሌላዋ ሥር ሌላዋ። አዴር ልጁን በላከ ቁጥር የጫርኳቸው ናቸው።

ኃላፊው «ምን አየህ?» አለኝ።

«ጥሩ ሰዓት ነው» አልኩ። «አባትዎ በደንብ ይዘውታል።»

እንዲህ አልኩ። አስገድዶ ያስባለኝ ሰው አልነበረም። ከአፌ ወጣ። ድሬ ተወልጄ አባቴን «አንተ» ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እዚህ አገር አንቱታ ብዙ አናበዛም። ለእሱ ግን አንቱታው ሳልጠራው መጣ።

ሥራውን ጀመርኩ። ወዲያው የቆመበትን ምክንያት አገኘሁት። እንዲህ ያለ ሰዓት ውስጥ ሞላው ያለውን ጉልበት በአንድ ጊዜ ዘርግፎ ሊገላገል ይፈልጋል። እንዳይዘረግፍ የምትይዘው ሹካ የምትመስል አንዲት ብረት አለች። አጎቴ ከባቡሩ ፈረንሳዮች እንደሰማው «አንክር» ይላታል፤ መልሕቅ ማለት ነው። በሁለት ክንዶቿ ጫፍ ከሰናፍጭ ፍሬ የሚያንሱ ቀያይ ድንጋዮች አሏት። ጥርሳሟ ማርሽ ልትሮጥ ስትል አንዱ ድንጋይ ጥርሷን ይይዛል፣ ይለቃል፤ ሌላው ይይዛል፣ ይለቃል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ያ ነው። ድንጋዩ የፀጉር ያህል ወጣ ካለ ጥርሱን ነክሶ አይለቅም። ገባ ካለ ደግሞ ጥርሱ ያመልጠዋል። የዚህ ሰዓት አንዱ ድንጋይ ወጥቶ ነክሷል። ድንጋዩን በቦታው የሚያቆየው ትንሽ ሙጫ ነው፤ ሙጫው ደግሞ በሙቀት ይለሰልሳል።

«መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትተውት ነበር?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እንዴት አወቅህ?»

«ሙጫው ቀልጧል።»

ሳቀ። ዘቡን ጠርቶ «አየኸው? አስማተኛ ነው» አለው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ወረንጦዬን ያዝኩና እጄ ተንቀጠቀጠ። የፕላስቲኩ ገመድ የቆረጠው አንጓዬ ገና አልዳነም፤ ጣቶቼም አብጠዋል። አንክሯን ላነሳ ስሞክር ወረንጦው ከጎኗ ጠረጴዛውን ይነካል። እንደገና ሞከርኩ። ሰው ሁሉ በእጄ ነው የሚያውቀኝ፤ አጎቴ «ይሄ ልጅ እስትንፋሱ እጁን አያነቃንቀውም» ይል ነበር። አሁን እጄን ያሳሰረው ሰው ከፊቴ ተቀምጦ እጄ እስኪረጋ ይጠብቃል።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል እንዴ?» አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት።

ደግ ሆነ። ቀዝቃዛ ውኃ አስመጣልኝ፤ ጠርሙሱ ላይ ላቡ ይታያል። ሳሙናም አስመጣና ዘቡ እያፈሰሰልኝ ታጠብኩ። ከታሰርኩ ጀምሮ ሳሙና አልነካሁም ነበር። የእጄ ሽታ ወደ ድሮው ሲመለስ፣ ምን ልበል፣ ደስ አለኝ። ነፋስ አለ፤ ጥላ አለ፤ ማጉያው ዓይኔ ላይ ነው። ለጥቂት ጊዜ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ኃላፊው የሆነ ቀልድ ቀለደ፤ ሳቅሁ።

ቀና ስል የውጭው በር ተከፍቷል። ሳህን የያዙ ሴቶች ተሰልፈው ፍተሻ ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው የአዴር ልጅ አለች። ሳህኑን በጨርቅ ቋጥራ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። እኔን እያየች ነው። የታጠበ ፊቴን፣ ጠርሙሱን፣ ከኃላፊው ጋር የጀመርኩትን ሳቅ። ራሴን ነቀነቅሁላት። ሰላምታ ነበር። እሷ ምን ብላ እንዳየችው አላውቅም። ሻሿን ሳብ አድርጋ ወደ ሌላ ወገን ዞረች። ተነስቼ አልጮህላት ነገር፣ ምን ብዬ? የያዝኩት የአባቷን ሰዓት ነው።

በትንሿ የአልኮል መብራት ላይ የናስ ቁራጭ አሙቄ አንክሯን አስቀመጥኩባት። ሙጫው እስኪለሰልስ ጠብቄ በመርፌ ጫፍ ድንጋዩን ገፋ አደረግሁት። በዛ። መልሼ አሞቅሁት፤ ጥቂት መለስኩት። እጄ አልታዘዘኝም፤ ከእጄ ጋር እየተለማመጥኩ ነው የሠራሁት። ገጣጥሜ ሞላውን ትንሽ ስሞላው ሰዓቱ ተነሳ። ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ንጹሕ ነው፤ አንዱ ምት ከሌላው አይበልጥም አያንስም። እንደዚያ አድርጌ ያስተካከልኩት ሰዓት ትዝ አይለኝም።

ኃላፊው እጁን ዘረጋ። ያን ጊዜ ሳላስበው እንዲህ አልኩት፦

«አሁን ቢወስዱት አልጨረስኩትም። ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ሲሄድ ሄደ አይባልም። የሰው ክንድ ላይ ማደር አለበት። ወደፊት ይሂድ ወደኋላ ይቅር አይቼ ነው የማስተካክለው።»

«እኔ ክንድ ላይ ይደር።»

«መከታተል ያለብኝ እኔ ነኝ። ነገ በስልክዎ አስተያይቼ እጨርሰዋለሁ።»

አሰበ። «የት ይሄዳል፣ በሩ እንደሆነ ተቆልፏል» አለና ለዘቡ ምልክት ሰጠው። በነገሩ እውነት አለበት፤ ሰዓት እንደዚያ ነው የሚፈተነው። ግን ለፈተና ብዬ አልነበረም ያልኩት።

ወደ ክፍሉ ስገባ ሳሙና እሸታለሁ። አንድ ሰው «ውኃው ቀዝቃዛ ነበር?» አለኝ፤ ሌሎቹ ጉልበታቸውን አቅፈው አዩኝ። አዴር ሳህኑን ከፊቱ አድርጎ ሳይበላ ጠብቆኛል። የአንድ ሰው ምግብ ነው።

«ቁጭ በል» አለኝ። ላሆሁን ለሁለት ቀደደና ግማሹን ወደ እኔ ገፋው። «ልጄ በር ላይ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ከባለሰዓቱ ተጠንቀቅ› አለች።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«‹የሱን ድርሻ ለምን ቀነስሽ› አልኳት። ብላ።»

መብላት አቃተኝ። ሰዓቱን ከኪሴ አውጥቼ መዳፉ ላይ አደረግሁለት። በዚያ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ አልተመለከተውም፤ በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳሰሰ። ጎኑ ላይ ያለችውን ጭረት ሲያገኛት ጣቱ ቆመ።

«ዋሪያ» አለ ቀስ ብሎ፤ በሶማሊኛ አንተ ሰው እንደማለት ነው። «ይሄ የኔ ነው።»

«አዎ አዴር።»

«ማሰሪያውን ቀይረውታል።»

«አዎ።»

«ማን ነው የያዘው?»

ነገርኩት። «የአባቴ ነው» ማለቱን ነገርኩት። ያልኩትንም፣ «አባትዎ በደንብ ይዘውታል» ማለቴን ነገርኩት። እሱን ስናገር ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ ነው። አዴር ሰዓቱን ግራ ክንዱ ላይ፣ የነጣው ቆዳ ላይ አሰረው።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ክፍሉ ተለወጠ። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁታል። እሱ ወደ በሩ ብርሃን ክንዱን ዘርግቶ አይቶ ይነግራቸዋል። የስኳር መድኃኒት የሚውጥ ሰው ነበረ፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚውጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀ። የሰላት ሰዓት ሲደርስ አዴር ራሱ «ደርሷል» ይላል። ክርስቲያኖቹም «አዴር፣ አሁን ቤት ሰዉ ምን ይሠራል?» እያሉ ያስወሩት ጀመር። ቀዝቃዛውን ውኃ ማንም አላነሳብኝም።

በማግሥቱ ሱብሂ ከሰገደ በኋላ ሞላውን ሲሞላ ድምፁን ሰማሁት። ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ።

«አዴር፣ አንድ ነገር ማድረግ እችላለሁ» አልኩት። «ድንጋዩን ላላ አድርጌ ልተወው። ጥቂት ቀን ይሄድና ይቆማል። ሌላ ጠጋኝ አያስነሳውም። ይጥለዋል።»

መጀመሪያ ሞልቶ ጨረሰ።

«ሰዓቱ ምን አደረገ?» አለ። «ሰዓቱ አልሰረቀም። የወንድሜ ነው እኮ። የትም ይሁን፣ ይሂድ።»

ረፋድ ላይ ዘቡ ጠራኝ። አዴር ከክንዱ ፈታው፤ በሽርጡ ጫፍ መስታወቱን ጠረገና ሰጠኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰዓቱን እያየ ነበር።

ከዛፉ ሥር ኃላፊው ብቻውን አልነበረም። እንግዶች ነበሩት፤ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ስለ ሰዓቱ ነግሯቸው ኖሮ አንደኛው «ይሄ ነው የአባትህ?» አለው። እኔ ቆሜ ከስልኩ ጋር አስተያየሁት። ምንም የሚስተካከል ነገር አልነበረውም። ኃላፊው ተቀብሎኝ አሰረው፤ ክንዱን አዙሮ ለእንግዶቹ አሳየ።

«በል፣ ምን ላድርግልህ?» አለኝ። ፊቱ በእውነት ደስ ብሎታል።

ነጻ ልቀቁኝ ማለት እችል ነበር። ምናልባትም ይለቀኝ ነበር። ግን እንዲህ አልኩ፦

«ጌታዬ፣ እባክዎን፣ ጠዋት ጠዋት ይሙሉት። ማታ አይሁን። የሰዓቱ ባለቤት ጠዋት ነው የሚሞላው።»

«ባለቤቱ?»

«አዎ ጌታዬ። እኛ ክፍል ያለው ሽማግሌ።»

ሻዩን የሚያማስል ሰው ነበረ፤ ማንኪያው ቆመ። ኃላፊው አልጮኸም። የሸሚዙን እጅጌ ሰዓቱ ላይ ሳብ አደረገ። እንግዶቹን አላየም፤ እኔንም አላየኝም። ጠረጴዛውን እያየ «ወደ ክፍሉ መልሱት» አለ።

ዘቡ ሲመልሰኝ በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ መታኝ፤ እሱም በልቡ የመታኝ አልመሰለኝም። ከዚያ በኋላ ግን ክፍላችን ፀሐይ መውጣት ተከለከለ። ለጥቂት ደቂቃ የምንወጣበት ነፋስ ቀረ፤ በዚያ ቆርቆሮ ሥር ሁሉም ሰው በእኔ ምክንያት ከረመ። የስኳር በሽተኛው ሰውዬ እግሩ ሲያብጥ አይቼ ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ሰዉ ምን አድርገህ ነው ሲለኝ ነገርኳቸው። ባለቤቱ ጠዋት ነው የሚሞላው እንዳልኩት ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ ትከሻዬን ነኩኝ። «ጌታዬ» ማለቴን አልነገርኳቸውም። «እባክዎን»ንም ትቻታለሁ። አዴር ግድግዳውን ተደግፎ ሲያዳምጥ ነበር። በማግሥቱ ሳህኑ የሁለት ሰው ሆኖ መጣ።

ክስ ሳይመሠረትብኝ አንድ ቀን ጠርተው «ሂድ» አሉኝ። የመሣሪያ ሳጥኔን አልሰጡኝም። አዴር ከእኔ ብዙ ቆይቶ ወጣ። ሰዓቱን በር ላይ ጠይቋቸው «የምን ሰዓት?» ብለውታል።

አሁን ሱቄ ተመልሼ እሠራለሁ። መሣሪያዎቹን በየጊዜው ለቅሜ ገዝቻለሁ። በአብዛኛው የማደርገው ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ነው፤ በእጅ የሚሞላ ሰዓት የሚያመጣ ሰው ብርቅ ነው። አዴር ከሰዓት በኋላ ጨርቁን ለልጁ ትቶላት ይመጣና ሱቄ በር ላይ፣ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሌላ ሰዓት ልግዛልህ ብለው አልፈለገም። ሰዓት ሲፈልግ አላፊ አግዳሚውን ይጠይቃል። ሰው «አዴር፣ ሰዓትህ የት ሄደ?» ሲለው ደግሞ ታሪኩን ይጀምራል። ሶማሊኛውን ከአማርኛው፣ ሲሞቀው ኦሮምኛውንም እየቀላቀለ ያወራዋል። እሱ ሲያወራው እኔ አንበሳ ነኝ። ኃላፊው ፊት ቆሜ፣ በቀጥታ ዓይኑን እያየሁ፣ «የሰዓቱ ባለቤት ጠዋት ነው የሚሞላው!» እላለሁ። ሰዉ ወደ እኔ ዞሮ ያያል። እኔ አጎንብሼ ሥራዬን የያዝኩ እመስላለሁ። አንገቴ ግን እስከ ጆሮዬ ይሞቃል።

በቅርቡ አንድ ቀን አውርቶ ሰዉ ሲበተን ብቻችንን ቀረን። ዝም ብዬ ብኖር ይሻል ነበር፤ አልቻልኩም።

«አዴር» አልኩት። «ያን ቀን እንዲያ አይደለም ያልኩት። ‹ጌታዬ› ብዬዋለሁ። ሁለት ጊዜ። ‹እባክዎን›ም ብያለሁ።»

ሽርጡን እያስተካከለ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይንገረኝ? በሩ ቆርቆሮ አይደል? ዛፉ እዚያው ነው። ሁላችንም ጆሯችንን ለጥፈን ነበር።»

እጄ ላይ የነበረውን ሥራ አስቀመጥኩት። ያኔ ትከሻዬን የነኩኝ ሰዎች ፊታቸው አንድ በአንድ መጣብኝ። ቃሉን ቀንሼ ስነግራቸው ያውቁ ነበር።

«ታዲያ ለምን እንዲያ ታወራዋለህ?» አልኩት።

«ሰዓቱን ወሰዱት» አለ አዴር። «ወሬው ግን የኔ ነው። እንደፈለግኩ ነው የማወራው።»

ተነስቶ ወደ ሱቁ ሄደ። በማግሥቱ ለአንድ ባጃጅ ነጂ ሲያወራው ሰማሁት። ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ ትንሽ ያርፋል፤ ምራቁን ይውጣል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ድሮ አላስተዋልኩትም ነበር። ‹ጌታዬ› የምትለዋን ቃል የሚዘላት እዚያ ጋ ነው። እሱ ሲዘላት አሁን እኔ በልቤ እላታለሁ። ሁልጊዜም አፍራለሁ።